በየወሩ ለሁሉም ሰው ብር ቢሰጥ ሥራችንን እንተዋለን ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስድስት ዓመት ተኩል ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁንም እዚያው ነኝ፤ እስከ መቼ እንደምቆይ ግን አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሰርቪሱ ሲያወርደን በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ሦስት ገጽ የስም ዝርዝር በፕላስተር ተለጥፏል። ነፋሱ የወረቀቱን ግርጌ እያነሳ ስላስቸገረ አንዲት ልጅ በመዳፏ ደግፋ ይዛው ሌሎቻችን እናነባለን። ስሜን በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግሁ፤ የለም። ለዓመታት ከጎኔ የተቀመጠችው፣ እኔ አንገትጌ ስገጥም እሷ እጅጌ የምትገጥመው ጓደኛዬ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስድስተኛ ሆና ተጽፋለች። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፤ ኦርደር ስለቀነሰ ይላል። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፈተችና የእቁባችንን ደብተር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጸሐፊያችን እሷ ነበረች።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ምሳ ላይ በሬዲዮ የሰማሁትን ለሥራ ጓደኞቼ አንስቼላቸው ነበር። ሥራ ላለውም ለሌለውም፣ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል፣ መንግሥት በየወሩ ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ብር ይስጥ የሚል ሐሳብ በዓለም ላይ አለ፤ ሁለንተናዊ መሠረታዊ ገቢ ይሉታል። ምን ትላላችሁ ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ አልፈለጉትም። አንዷ የምጽዋት ብር በረከት የለውም አለች። ሌላዋ ወንዶቹ ጫት ቤት ይከርሙበታል ብላ ፈራች። ብዙዎቹ ደግሞ ኮንትራታችንን ቋሚ ያድርጉልን እንጂ ሌላ አንፈልግም አሉ። እኔ የሚመስለኝ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸው ነው። ቋሚ ሥራ የሚለውም፣ ወርሃዊ ገቢ የሚለውም የሚፈልገው ቀኑ የታወቀ ብር ነው። ከብሩ ትንሽነት ይልቅ የሚያሰቃየን የሚመጣበትን ቀን አለማወቃችን ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ንገሩኝ ብዬ እናንተን እዚህ ገጽ ላይ ጠየቅሁ።

እስካሁን 18 መልስ መጥቷል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ ስል በተራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ። አነጋገሩ የኔ ስለሆነ ሐሳቡን ያጣመምኩበት ሰው ካለ ያርመኝ።

መልስ 1። ገላን አካባቢ መጋዘን የሚጠብቅ ወንድማችን ነው። በአክብሮት ሰላም ብሎ በሐሳቤ እንደሚስማማ ጻፈ። ቀጣሪው መጋዘኑ ሳይሆን ኤጀንሲ ነው፤ መጋዘኑ በእሱ ስም ለኤጀንሲው ስንት እንደሚከፍል አያውቅም። ደመወዙ አንዳንድ ወር በ5 ይገባል፣ አንዳንድ ወር በ18። የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ በ10 ነው። ስለዚህ በየወሩ ሰፈሩ ካለው ሱቅ ዘይትና ፓስታ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁ ደብተሩን ሲያወጣ ሌላ ደንበኛ ካለ ዞር ብሎ ይቆማል። ወርሃዊ ብር ቢሰጠው ሥራውን እንደማይተው፣ የሚተወው ያንን የዱቤ ደብተር እንደሆነ አስረዳ። ከሁሉ መልስ ይህ ልቤን ነካው።

መልስ 2። አቃቂ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ 30 ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ሰው በላቡ ይብላ ተብሎ ተጽፏል፤ ያለ ሥራ የሚገኝ ገንዘብ እጅን ብቻ ሳይሆን መንፈስንም ያላላል ባይ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ፋብሪካ የገባ ሰው እስከ ጡረታው ይቆይ እንደነበር፣ ቤተሰብም ልጁን ሲድር አማቹ የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኑን እንደ ትልቅ ነገር ይናገር እንደነበር አስታወሱን። መንግሥት ብር ከሚያድል ፋብሪካ ይክፈት ነው ምክራቸው። እኔም፣ አባቴ፣ ጡረታዎስ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ብር አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለጊዜው ዝም አሉ፤ በኋላ ግን ተመልሰዋል።

መልስ 3። ኢኮኖሚክስ ያጠና ወጣት ነው፤ ሥራ ፍለጋ ላይ እንዳለ ይናገራል። በአገራችን የተደረገ ጥናት አመጣ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ለፋብሪካና ለመሰል ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሥራውን አገኙ፤ ሁለተኛዎቹ ወደ 300 ዶላር ገደማ በነጻ ተሰጣቸውና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ወሰዱ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ከዓመት በኋላ ብሩን የወሰዱት ገቢያቸው በሲሶ አደገ። ፋብሪካ የገቡት ግን ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልበለጠም፤ የጤና ችግራቸውም ጨመረ። ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ለቀዋል።

ይህን ሳነብ ከኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠሩትን ቆጠርኩ። ሥልጠና ክፍሉ ውስጥ አርባ ያህል ነበርን። ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት የተለማመድንበት ሳምንት ሳያልቅ ወንበሮች ባዶ መሆን ጀመሩ። ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት ልጅ አቧራው ሳል ለቀቀባትና በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ሱፐርቫይዘሮቹ እነዚህን ልጆች የሥራ ባህል የላቸውም ይሏቸው ነበር። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው አስብ ነበር፤ አሁን ሳስበው አዝናለሁ።

መልስ 4። ቆጣ ያለ እርማት ነው። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ አግኝተውታል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ግማሹን ማውራት ሰው ማሳሳት ነው ብሎ የ3ኛውን ጸሐፊ ወቀሰ። እርማቱ ትክክል ነው፤ 3ኛውም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ ብርና በየወሩ የሚመጣ ብር አንድ አይደሉም። አንድ ጊዜ የተሰጠው ከብቱ ቢሞት ወይ ሱቁ ቢዘረፍ ያልቃል። የኔ ጥያቄ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

መልስ 5። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ነው። ስሜታችንን እንደሚረዳ፣ ቁጥሩ ግን እንደማይራራ ገልጾ ስሌቱን ዘረጋ። የአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። 100 ሚሊዮኑን ብቻ ይዘን ለእያንዳንዱ በወር 1,000 ብር ብንሰጥ በዓመት 1.2 ትሪሊዮን ብር ይመጣል። የ2018 በጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥት በጀት በጠቅላላ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከመንገድ፣ ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከዕዳ ክፍያ የቱን ትዘጋላችሁ ነው ጥያቄው። ማንም በቀጥታ አልመለሰለትም፤ እኔም መልስ የለኝም። በዚህ ላይ ለሁሉም ሰው የሚለውን ቃል ይዞ መሟገት ከባድ ነው፤ ሥራ ላጣ ሰው ለጥቂት ወራት የሚለው ግን ሌላ ስሌት አለው።

መልስ 6። ለ5ኛው የተሰጠ ነው። ገንዘቡ ከነዳጅ ድጎማ ሊመጣ እንደሚችል የኢራንን ታሪክ ጠቅሶ አሳየ። ኢራን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የነዳጅና የዳቦ ድጎማዋን ቀንሳ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል መስጠት ጀመረች። ሰዉ ሥራውን ጥሎ ይቀመጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ በኋላ ያጠኑት ምሁራን ግን እንደዚያ ሆኖ አላገኙትም። የጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ የብሩ መጠን ባለበት ቆሞ ዋጋውን ንረት ስለበላው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤት የማይደግፍ ሆነ። እኛም አገር የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ቤት በምትኩ የመጣ ነገር የለም ብሎ ቋጨ። ዋጋ ሲንር ምን እንደሚሆን ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የእኔ ደመወዝ በዘይት ጄሪካን ሲለካ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ።

መልስ 7፣ 8 እና 9። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ሄደ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር እህት፣ ብር ቢታደል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው አከራይ ነው፣ በማግስቱ ኪራይ ይጨምራል ብላ ጻፈች። ሌላው በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን እንደሚያስገድድና አከራይ እንደፈለገ መጨመር እንደማይችል አረማት። እሷም መልሳ ወረዳ ሄዶ ውል ማስመዝገብ የደፈረ ተከራይ ስንት እንዳየ ጠየቀችው፤ እሱ አላየም። ከዚያ ስለ መብራትና ውኃ፣ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ለማግኘት ስለሚቆመው ሰልፍ ብዙ ተባለ። ቁም ነገር ቢሆንም ከጉዳያችን ስለራቀ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

መልስ 10። የቃሊቲ እናት ናቸው። ልጃቸው እየጻፈችላቸው እንደሆነ መጀመሪያ ተናገሩ። በከተማ ሴፍቲኔት ታቅፈው መንገድ ይጠርጉ ነበር። መርሐ ግብሩ በ2009 በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ተጀምሮ ጉልበት ያለው በጽዳትና በመሳሰለው ሥራ፣ አቅም የሌለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ የሚታቀፍበት ነው። እትዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣሉ፤ የመጥረጊያው እጀታ መዳፋቸውን ስላቆሰለው የነጠላ ቁራጭ ጠቅልለውበት ነበር። ከሚከፈላቸው 20 በመቶው ባንክ ይቀመጥላቸው ነበር። በመጨረሻ በዚያ ቁጠባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙና ለሕንፃ ሠራተኞች እንጀራ ያቀርባሉ። ብሩ ጥቂት እንደነበር አልካዱም። ግን በየወሩ ስለሚገባ ባለሱቁ ዱቄት በዱቤ ሲሰጣቸው ፊቱን አያጠቁርም ነበር፤ ሰው ይተማመንባቸው ጀመር። እኔ ከማወራው በላይ ነገሩን ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

መልስ 11። ይህን ባላሰፍረው ደስ ባለኝ፤ ግን ያለውን ሁሉ አሰፍራለሁ ስላልኩ ነው። መንገድ መጥረግ ሥራ እንዳልሆነ፣ ስማቸው የተመዘገበው ሰው ያላቸው ብቻ እንደሆኑ ጽፎ እትዬን በማያውቃቸው ነገር ዘለፋቸው።

መልስ 12። አንዲት መምህርት 11ኛውን ገሠጸችው፤ እናትህን በዚህ አፍህ ትጠራለህ ወይ የሚል መንፈስ ያለው ተግሣጽ ነው። ሳትሳደብ አሳፈረችው። ቀጥላም እኔ ፈጽሞ ያልሰማሁትን ነገረችን። ሴፍቲኔቱ በአዲስ አበባ ሲጀመር ቀድሞ የሚደርሳቸው ሰፈሮች በዕጣ ስለተመረጡ፣ ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማወዳደር ችለዋል። ውጤቱ መንገድ ለጠረጉት ብቻ አልነበረም። እነሱ ሰዓታቸውን ለሴፍቲኔቱ ሲሰጡ በግል ሥራ ገበያው ላይ የሰው ኃይል ሳሳ፤ መርሐ ግብሩ በከተማው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ እንዳለ ገመቱ። ማለትም እትዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲጠርጉ እኔ የማላውቃት አንዲት ልብስ አጣቢ የተሻለ ተከፈላት ማለት ነው። ሰው ሌላ አማራጭ ሲኖረው ቀጣሪው ዋጋ ይጨምራል። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 13። ለቡ አካባቢ 12 ሠራተኛ ያለው የስፌት ወርክሾፕ ባለቤት ነው። ድፍረቱን አከብራለሁ፤ በሠራተኞች መካከል ብቻውን ነው የጻፈው። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሏን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትታገድ ማጣቷን፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ኦርደር ሲያጡ ከእነሱ ሥራ የሚቀበሉት እንደሱ ያሉትም አብረው መውደቃቸውን አስታወሰ። ክርና ዚፕ በዶላር ነው የሚገዛው። ሠራተኛ በየወሩ ብር ከመንግሥት ቢያገኝ እሱ ጋ ማን እንደሚመጣ ጠየቀ። ሰው ቀንሶ ያደረበት ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደውም ጨመረ።

መልስ 14። ሞተር ላይ ምግብ የሚያደርስ ልጅ ነው፤ ለ13ኛው የሰጠው መልስ እሳት ነው። የሚመጣልህ ሰው የሚራብ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ከምትከፍለው ላይ ነው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና በዓለም የልብስ ስፌት ዘርፍ ዝቅተኛው ተብሎ እንደተጻፈ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ሳለ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይቆረጥ ዓመታት ማለፋቸውን ዘረዘረ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየውን ደም መጣጭ አለው። 12 ሰው ቀጥሮ ከእነሱ ጋር አብሮ የሚሰፋ ሰው ይህ ስም አይገባውም፤ እንዲያወጣው ጠይቄው አወጣ። ስለራሱ ሲጽፍ ደግሞ ለስለስ አለ። ዝናብ የጣለ ቀን ትእዛዝ ይበዛል፣ ሞተሩ ግን ይንሸራተታል፤ ታሞ የተኛ ቀን ገቢው ዜሮ ነው። አንድ ጓደኛው እግሩን ተሰብሮ ሁለት ወር ሲተኛ ሞተሩን ሸጦ በላ።

መልስ 15። የኬንያን ነገር ያመጣችው አንዲት የባንክ ሠራተኛ ናት። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በገጠር ኬንያ በተመረጡ መንደሮች ለሚኖር አዋቂ ሁሉ በቀን 75 ሳንቲም ዶላር ያህል ሒሳብ ይሰጣል፤ ለአንዳንድ መንደር ሁለት ዓመት፣ ለአንዳንድ መንደር 12 ዓመት፤ ለሌሎች ደግሞ ወደ 500 ዶላር በአንድ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አቢጂት ባነርጂ ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናው ነው። ሥራ ያቆመ ሰው ብዛት አልጨመረም፤ ብዙዎች ከቅጥር ወደ ራሳቸው ንግድ ዞሩ። የ12 ዓመቱ ተቀባዮች ያደረጉት ግን እኔን ከመቀመጫዬ አስነሳኝ። ብሩ ለረጅም ጊዜ እንደሚመጣ ስላወቁ ተሰብስበው እንደኛ እቁብ ያለ ማኅበር ውስጥ ገቡና ትንሿን ወርሃዊ ብር ወደ ትልቅ ብር ቀየሯት። የሁለት ዓመት የተሰጣቸው እንደዚያ አላደረጉም።

አሁን ስለ እኛ እቁብ ልንገራችሁ። 24 ሴቶች ነን። በየደመወዙ 500 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣላት 12,000 ብር ትወስዳለች። አንዷ በዚያ ብር ለእናቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ገዝታለች፣ አንዷ የእህቷን የኮሌጅ ክፍያ ዘግታለች። በዝርዝሩ ከተጻፉት ውስጥ ዘጠኙ የእቁባችን አባላት ናቸው። ከዘጠኙ አራቱ በልተዋል፤ ከእንግዲህ የሚከፍሉት ከየት አምጥተው ነው? ዋስ አላቸው፤ የሁለቱ ዋስ ግን እርስ በርሳቸው ናቸው። አምስቱ ደግሞ ለወራት ጥለው ገና አልበሉም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደመወዝ ብቻ አይደለም ያቋረጠው። እቁብ የሚቆመው የሁሉም ደመወዝ በታወቀ ቀን ሲመጣ ነው፤ የኬንያዎቹ ያገኙት የኛ ያጣነው ይህንኑ ነው።

መልስ 16። የአቃቂው አባት ተመለሱ። ሲያስቡበት እንደቆዩ፣ ጡረታቸው በወሩ መጀመሪያ እንደሚገባና በዚያ ቀን ብቻ ለልጅ ልጆቻቸው ብርቱካን ገዝተው እንደሚገቡ ጻፉ። ሆኖም እኔ የሠራሁበት ነው ባሉት ይጸናሉ፤ ያለ ሥራ የሚሰጥን ብር አሁንም አይደግፉም። ለጡረታ ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንደሚገባ ጠቅሰው፣ ለሽምግልና እንዲህ ከተዋጣ ለሥራ ማጣት ጊዜ ለምን አይዋጣም ብለው ጠየቁ። የሥራ አጥነት ዋስትና አገራችን ውስጥ የለም። የእሳቸው ሐሳብ ለ5ኛውም ስሌት የሚመች ይመስለኛል፤ እኔ የጀመርኩትን ጥያቄ ከኔ በተሻለ አስቀመጡት።

መልስ 17። ሕግ የሚያውቅ ወንድም ነው፤ ክርክሩን ትቶ የተቀነሱት እህቶች ማወቅ ያለባቸውን ብቻ ጻፈ። ሥራ ሲቀነስ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ተጨማሪ አለ። ለምሳሌ የቀን ደመወዟ 140 ብር የሆነች ስድስት ዓመት የሠራች ሴት ለመጀመሪያው ዓመት 4,200፣ ለቀሪዎቹ አምስት ዓመታት 7,000፣ በቅነሳው ምክንያት 8,400፣ በድምሩ 19,600 ብር አላት። ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ከዘገየ፣ ውሉ ከተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልም። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ ብሎ አስጠነቀቀ። ይህን በወረቀት ገልብጬ ለዘጠኙም አድርሻለሁ።

መልስ 18። ጓደኛዬ ናት። ይህን ውይይት ያሳየኋት ትናንት ማታ ነው። መጀመሪያ አረመችኝ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰባተኛ እንጂ ስድስተኛ አልነበረችም። ቀጥላ ሥራ ማግኘቷን ነገረችን። ሰበታ በኩል ነው፤ ደመወዙ ከቀድሞው በ900 ብር ያንሳል፣ ሰርቪስ የለውም፣ ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲና የ20 ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ በሚቀጥለው ወር ልምድ ያለው ኦፕሬተር እንደሚቀበል ሰምታ ነበር፤ እዚያ ደመወዙ ይሻላል፣ ለቤቷም ይቀርባል። ኪራይ የምትከፍለው ግን በ30 ነው፤ የስንብት ክፍያውም መቼ እንደሚሰጥ የነገራት የለም። ስለዚህ የሰበታውን ፈረመች። አንድ ወር የምትጠብቅበት ብር ቢኖራት የቃሊቲውን ትጠብቅ እንደነበር ጽፋለች። ስለ ነጻ ብር ጥሩነትና መጥፎነት ሌላ የምትለው እንደሌላትም።

እቁቡን በተመለከተ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ያልበሉት አምስቱ ከዚህ ዙር ጀምሮ ቅድሚያ እንዲያገኙ፣ የበሉት አራቱ ደግሞ ሥራ እስኪያገኙ 500 የነበረውን 200 እየጣሉ እንዲቆዩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ልዩነቱን የምንሸፍነው ሥራ ላይ ያለን 15 ነን። ሦስቱ እስካሁን አልተስማሙም። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ ጸሐፊነቱን ግን አልወሰድኩም። ጓደኛዬ በእሑዱ ስብሰባ ራሷ ትጽፋለች።